አንገት የሸፈነው ኮሌታ

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ወንበር ያጣ ከጎኔ ይሸጎጥ፣ እግሩ የደከመም ይዘርጋው፤ እዚህ የሚታፈር ሰው የለም። ዛሬ የማጫውታችሁ የአንዲት ልብስ ሰፊና የታናሽ ወንድሟን ነገር ነው። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የሐኪም ነገር ሲመጣ እንደገባኝ እናገራለሁ፣ እናንተም እንደምትችሉት ስሙኝ።

ሰፊዋ ከመንገድ ዳር አንዲት ሱቅ ነበረቻት። ሁለት የስፌት መኪና፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ልብስ የሚተኮስበት ጠባብ ጥግ። ወንድሟን በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስታርፍ ልጁ ገና ጥርሱን እየለወጠ ነበርና እሷው አሳደገችው፣ እሷው መቀስ አስያዘችው። ሲያድግ ታዲያ በሙያ አስተማሪውን በልጧት ሄደ። በጠመኔ ሳያሰምር፣ ዓይኑን ብቻ አምኖ፣ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ደንበኞቹ «መሐንዲሱ» ያሉት ለዚህ ነው። እሱ ግን እሷን «እትዬ» ከማለት ሌላ ስም አውጥቶላት አያውቅም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው ያ ሕመም መጣበት፤ ስሜትን አንዴ ሰማይ አድርሶ አንዴ ከመሬት የሚያላትመው። ሲጦዝበት እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። አንድ ሰሞን የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዶ ኮት ቆረጠው። ሌላ ቀን ደግሞ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ተሳፋሪውን ተራ በተራ በሜትር ሲለካ ተገኘ፤ ከተማው በሙሉ ልኩ ያልሆነ ልብስ ለብሷል ይላል፣ ሾፌሩን ሳያስቀር። ሰው ሳቀ። እህቱ ግን ልታወርደው ስትታገል እጇን ነክሷታል። ሲወድቅበት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወር ይተኛል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ሊቲየም የሚባል መድኃኒት አዘዘለት። ልጁ አልውጥም አለ፤ ሊመርዙኝ ነው አለ። ኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ። ከእሷ እጅ ከሆነ ይውጣል፣ ከሌላ ከማንም አይቀበልም። እሷም መድኃኒቱን በቁም ሳጥኗ ቆልፋ፣ እራት ሲበሉ በመዳፏ አድርጋ ትሰጠው ጀመር። የሁለቱ ኑሮ በዚያች መዳፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እሷን ያላመነ ቀን መድኃኒቱ ይቀራል፤ መድኃኒቱ የቀረ ቀን ደግሞ ያ አውቶቡስ ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪሙ ሲያዝ በደንብ አስረድቷቸው ነበር። ሊቲየም ደግ መድኃኒት ነው፣ ግን ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ይመርዛል፤ ስለዚህ መጠኑ በደም ይለካል። ደግሞ ኩላሊትን መከታተል ያስፈልጋል፤ አንገት ላይ ያለችውን ታይሮይድ የምትባል ዕጢም ሊያዳክማት ይችላል። ያቺ ዕጢ ለሰውነት እንደ ምድጃ ናት አላቸው። እሳቷ ሲቀንስ ሰውየው ይበርደዋል፣ ይዝላል፣ ሐሳቡ ይጎተታል። ስለዚህ የሷም ነገር በየስድስት ወሩ በደም ይታይ አለ። የሊቲየሙን መጠን እዚያው ክሊኒኩ ይለካል። የዕጢዋ ምርመራ ግን ከተማውን ተሻግሮ ባለው ትልቅ ላቦራቶሪ ነው፤ ጠዋት ብቻ፣ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አስመረመረችው፤ ደህና ነበር። በሦስተኛው ዓመት የተማሪዎች ደንብ ልብስ ጊዜ መጣና ጠረጴዛው በሰማያዊ ጨርቅ ተከመረ። የምርመራውን ማዘዣ ወረቀት ተቀብላ በሚቀጥለው ሳምንት አለች። ከዚያም በሌላው ሳምንት። ወረቀቱን አጣጥፋ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ፣ ከክሮቹ ስር ከተተችው። በቀጠሮው ቀን ወንድሟ ክብደቱን ሊመዘን ወጣ ባለበት ሐኪሙ ስለ ምርመራው ሲጠይቃት አፏ ቀደማት። ተሠርቷል፣ ደህና ነው ብለዋል፣ ወረቀቱን ቤት ረስቼው ነው አለች። አመናት። እንዲህ ያለችን እህት የማያምን ማን አለ?

ውሸት ልጆቼ እንግዳ ሆና ትገባለች፤ ከሰነበተች ግን እመቤቲቱ እሷ ናት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወረቀት ጊዜ ሥራም እንዲያ አልበዛባትም። እግሯን የያዘቻት ያቺ የመጀመሪያዋ ውሸት ናት። ቢሄዱ ትልቁ ላቦራቶሪ ባለፈው አልመጣችሁም ይላላ። ሦስቱም ወረቀቶች ከክሩ ስር ተኙ። ዓመት ተኩል ሆነ።

በዚህ ዓመት ተኩል ውስጥ መሐንዲሱ ዝም አለ።

መጀመሪያ እንደ በረከት ነበር። አይጮህ፣ አይሮጥ፣ ሌሊት አይነሳ። ጎረቤት ዝምታ ወርቅ ነው አላት፤ እሷም ወርቋን ታቅፋ ተኛች። ከስንት ዓመት በኋላ በሯን ሳትቆልፍ ማደር ጀመረች። ወንድሟ ተነሳ ሲሉት ይነሳል፣ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ስትጋረፍ እሱ ሹራብ ደርቦ ወንበሩን ወደ ካውያው ያስጠጋል። ድምፁ ጎረነነ። የጣቱ ቆዳ ሻከረና ሐር ጨርቅ ይያዝበት ጀመር፤ እሷም ሐሩን ወሰደችበት። አንድ ቀን ለአንድ ሙሽራ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠ። ያን ዕለት ከመቁረጫው ጠረጴዛ አንስታ ቁልፍ መትከል ላይ አስቀመጠችው። ደንበኞቹ «መሐንዲስ፣ ድልድዩ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያሉ ይቀልዱበታል። ፈገግ ይላል፤ ፈገግታውም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እሷም አንድ ቀን በሰው ፊት «በሽታው ሲለቅህ ስንፍና ያዘህ» አለችው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ደርሶባቸው ነበር፤ የእሷ አፍ አመለጠ፣ የእሱም ፀጉር እየሳሳ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ። ሰፊዋ በየስድስት ወሩ ለወንድሟ ሸሚዝ ትሰፋለት ነበር፣ ልኩንም በደብተር ትጽፋለች። አንገት ሠላሳ ስምንት ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። አርባ ሆነ። አርባ አንድ ተኩል ሆነ። ወገቡ ትንሽ ጨምሯል እንጂ ትከሻው ያው ነው። ሰው ሲወፍር ከሆዱና ከወገቡ እንደሚጀምር፣ አንገት ብቻውን እንደማይቀድም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት ሰው ለክታለች። ሜትሩን በአንገቱ ስታዞር ከፊት ለፊት፣ ከጉሮሮው በታች፣ ለስለስ ያለ ነገር ጣቷን ገፋት። ገፍቷት ነበር ልጆቼ። ጣቷ አወቀ፤ እሷ ግን ጣቷን ዝም አሰኘችው። ምቾት ተስማማህ አለችው። ከዚያም አዲስ ኮሌታ አወጣች፤ ከፍ ያለ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ፣ ውስጡ ጠንካራ ገበር ያለው፣ አንገትን ከነእብጠቱ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ። በእጇ ሥራ ኮራች። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ራሱ ምን ያለ ሸሚዝ ነው ብሎ አደነቀ፤ የሸሚዙን ውበት አይቶ አንገቱን ሳያይ ሸኛቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሌላውን በሽታ የደበቀስ?

ነገሩን የደረሰችበት አንዲት ጡረተኛ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ ቀሚሷን ልታሳጥር የመጣች። ቀትር ነበር፤ ሱቁ እንደ ዳቦ ቤት ይፋጃል። መሐንዲሱ ሹራብ ለብሶ፣ ቁልፍና መርፌ እንደያዘ፣ ካውያው አጠገብ እንቅልፍ ወስዶታል። ሲስተር አተኩራ አየችው። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ እንደሚበርደው ጠየቀች። ሰፊዋ መርፌ በጥርሷ ነክሳ፣ ሰነፈ እንጂ ምን ሆነ ብላ መለሰች።

«ሰነፍ ይሞቀዋል እንጂ አይበርደውም» አለች ሲስተር። «ና እስቲ አንተ መሐንዲስ፣ የላይኛዋን ቁልፍ ፍታልኝ። ውሃ አምጪ አንቺም።»

ቁልፉን ፈታ። ውሃውን ተጎነጨ። ሲውጥ ከጉሮሮው ስር ያለው እብጠት ወደ ላይ ወጣና ተመልሶ ወረደ፤ ከኮሌታው ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን ታየ። ሲስተር በሁለት ጣቷ ዳበስ አድርጋ እንቅርት መሆኑን ነገረችው። የሚወስደው መድኃኒት ሊቲየም እንደሆነ ጠየቀች፤ አዎ አላት።

እሱም በዚያ በጎረነነ ድምፁ፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ እሰማ ነበር። ጆሮ ደግፉ ቀርቶልኛላ» አለ።

በስንት ወሩ የቀለዳት ቀልድ ናት። ሲስተር ሳቀች። ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞራ የዕጢው ምርመራ መቼ እንደተሠራ ስትጠይቃት፣ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ያልወደቀ መርፌ ከወለሉ ትለቅም ነበር።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተላኩ። ደሙ ተወሰደ፣ ከቀናት በኋላም ውጤቱ መጣ። ዕጢዋ ከሥራ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ አንጎል ሥሪ ሥሪ እያለ ይጮህባታል፣ እሷ ግን አልሰማ ብላለች። አንገቱ ያበጠው ለዚያ ነው አሏቸው። ሊቲየሙን ማቆም እንደማያስፈልግ፣ በገዛ ፈቃድ መተውም አደገኛ እንደሆነ ሐኪሙ አጥብቆ ተናገረ። ዕጢዋ ልትሠራው የሚገባውን የሚተካ ሌላ ክኒን አለ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ በውሃ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ ተመልሶ ይታያል። ቀስ እያለ ይመለሳል፣ አትቸኩሉ አለ።

ከዚያ ሐኪሙ መዝገቡን አገላበጠ። ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ስልክ ደውሎ ጠይቆ ነበር፤ ዓመት ተኩል ሙሉ በዚህ ሰው ስም ደም አልደረሰንም ብለውታል። መነጽሩን አወለቀና መሐንዲሱን አየው።

«እህትህ ስትልክህ ሳትሄድ እየቀረህ፣ ደህና ነው ብለህ ዋሽተሃታል ማለት ነው። ይህቺን የመሰለች እህት ይዘህ።»

ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ነበረች። አፏ ነበራት፤ ምላሷም አልታሰረ። ጣራው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ አየች። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ብዙ አሰበ። ባዶ ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው የገዛ ራሱን ትውስታ ፈተሸ፤ ምንም አላገኘም። ረስቼ ይሆናል አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ አስቸገርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

እሷም ምን አለች መሰላችሁ? «ምንም አይደለም» አለችው።

ያቺ «ምንም አይደለም» ናት ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የነሳቻት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ልቧ መጮህ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ልነግረው ነው ትላለች ጠዋት። ከዚያ ደግሞ የገዛ ፍርሃቷ ይሞግታታል፤ ከእጅሽ በቀር ከማንም አይቀበልም፣ ይህ እጅ እንደዋሸው ሲያውቅ ሁለቱንም መድኃኒት ቢተወውስ? ያ አውቶቡስ ቢመለስስ? ለእሱ ስል ነው ዝም የምለው ትላለች። ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለመተኛት ይመቻል፤ እሷን ግን በእሱም እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ ሹራቡን ወንበር ላይ ጣለው። ከዚያ ደንበኛ ሲቀልድበት ወዲያው መመለስ ጀመረ፤ ድልድዩ መቼ ያልቃል ላለችው ሴትዮ፣ በእርስዎ ክብደት እየሞከርነው ነው አላት። ሴትዮዋ ስትስቅ ሰፊዋ ጀርባዋን አዞረች። እያንዳንዱ የሚመለስ ነገር ምን ያህል እንደተወሰደበት ይነግራታል። ይህ ሙሉ ሰው ከነዚያ ወረቀቶች ጋር ከክር ስር ተቀብሮ ነበር።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሱቁ ገና ሳይከፈት፣ ሦስቱን ወረቀቶች አውጥታ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ወንድሟ ሻዩን እንደያዘ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንተ አልረሳህም። ዋሽተህም አታውቅም» አለችው። «እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አንዱን ወረቀት አንስቶ ቀኑን አነበበ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አሁን በፍጥነት ነው የሚያነበው፤ ያንንም ፍጥነት ፈራችው።

«ሐኪሙ ሲቆጣኝ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ይቅርታ ስጠይቅሽም።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ደንብ ልብሱ፣ ሁለቱ አውቶቡስ፣ ሰልፉ። ሁሉም የሆነ ነገር ነው፤ ግን አንዱም መልሱ አልነበረም።

«ዝም ስትል ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ደክሞኝ ነበር የኔ ጌታ። ጭጭ ያለ ወንድም አገኘሁ፣ እሱንም የሚያስነሳብኝ ነገር አልፈለግሁም። አንገትህን በጣቴ አግኝቼዋለሁ። አግኝቼው ነው ኮሌታውን ያስረዘምኩት።»

ወረቀቶቹን ደራርቦ አስቀመጠ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አላት፤ «እኔ እኮ እየጠፋሁ መስሎኝ ነበር እትዬ። ከውስጥ አንድ ሰው መብራቱን በየተራ የሚያጠፋ ይመስለኝ ነበር። ልነግርሽ ብዬ ሳይሽ፣ አንቺ ደስ ብሎሻል። ስንት ዓመት አሳርፌሽ ስለማላውቅ ተውኩት።»

እሷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተደገፈች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

እጁን ዘረጋ። «የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ስጪኝ።»

ይኸው፤ የፈራችው መጣ። ብትከለክለው እስረኛዋ አደረገችው፤ ብትሰጠው ደግሞ ማን ያውቃል። ከአንገቷ በክር የታሰረውን ቁልፍ ስታወልቅ ክሩ ከፀጉሯ ጋር ተያያዘ፤ እሱም ቆሞ ጠበቀ፣ አላገዛትም። ሰጠችው። ሁለቱንም ብልቃጥ ወስዶ ክፍሉ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ይውጥ አይውጥ አላየችም። ልጠይቅ ትልና ምላሷን ትነክሳለች፤ ልፈትሽ ትልና እጇን ከጉያዋ ትከታለች። በሥራ ጉዳይ ያወራታል፤ ያኛውን ጨርቅ አቀብይኝ፣ ይህች ጃኬት ለሐሙስ ናት፣ እንዲህ እንዲህ። ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ቶሎ ቶሎ ሲናገር ልቧ ይደነግጣል፣ ዝም ሲልም ይደነግጣል። አያችሁ፣ የገዛ ወንድሟን ጤና ከበሽታው መለየት ጠፋት። ያም የእጇ ሥራ ነው።

የደሙ ቀን ሲደርስ ጫማውን አጥልቆ ብቻውን ወጣ። ልከተልህ አላለችም። ውጤቱን ተቀብሎ በመጣ ቀን ወረቀቱን ከፊቷ አኖረው። የሊቲየሙ መጠን ልኩ ላይ ነው፤ አንድም ቀን አልዘለለም ማለት ነው። ዕጢዋም እየተስተካከለች ነው፤ ክኒኑ ትንሽ ይጨመርለታል። ወረቀቱን አንብባ እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ፣ እሱ ቆሞ አያት።

«ተቀይሜሻለሁ እትዬ። ቂሜም ገና አልወጣልኝም። ግን አንቺን ልቅጣ ብዬ መድኃኒቴን አልተውም። ሕመሙ የኔ ነው፣ መድኃኒቱም የኔ ነው።»

እሺ ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

«ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። አብረሽኝ ትመጪያለሽ። ሐኪሙ ፊት ስለ ሕመሜ የምናገረው እኔ ነኝ። ስለ ወረቀቶቹ ግን አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

ማክሰኞ ሄዱ። ነገረችው። ዓይኗን ከሐኪሙ ዓይን ሳታነሳ፣ ከመጀመሪያዋ ውሸት እስከ ኮሌታው ድረስ ነገረችው። ሐኪሙም የራሱን ድርሻ አልሸሸገም፤ ሸሚዙን አድንቆ አንገቱን አለማየቱን አምኖ፣ መሐንዲሱን በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። ሲወጡ ወንድሟ ከእሷ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ሄደ። መንገዱን ሲሻገሩ ግን መኪና ሲመጣ እሱ ቆሞ ጠበቃት። እስካሁን ያገኘችው ይቅርታ ይህቺው ናት፤ እሷም አልበዛችብኝም፣ አላነሰችብኝም ትላለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከቤታችሁ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ቢኖር፣ ደግ መድኃኒት ነውና አታስቁሙት፤ ግን የአንገቱንም ምርመራ አትርሱበት። ሲረብሽ የነበረ ሰው ዝም ያለ እንደሆነም፣ ስላረፋችሁ ብቻ አትለፉት። እባካችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉና፣ ሰላም ሆኖልህ ነው ወይስ በርዶህ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ።